ደሴ ላይ ኬሞ ለምትጀምሩ፦ ስለ ነርሶቹና ስለ ቀጠሮው

የምኖረው ሐይቅ ነው። ለጡት ካንሰር ኬሞ የምወስደው ደግሞ ደሴ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ። ስሙን አልጠራም። የምጽፈው ገና ለሚጀምሩ ሰዎች እንዲጠቅም ብዬ ነው።

ሕክምናው ደሴ መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ አዲስ አበባ ቢሆን 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ፣ አልጋ ኪራይና የዘመድ ፊት ማየት ነበረብኝ።

ነርሶቹ እጃቸው ይባረክ። የኔ ደም ስር አስቸጋሪ ነው፤ ይሸሻል። የምትወጋኝ ልጅ ግን ዝም ብላ መርፌ አትሰካም። ክንዴን ሞቅ ባለ እርጥብ ፎጣ ጠቅልላ ትጠብቃለች። ከዚያ በጣቷ ስትዳስስ ቆይታ "አብሽሪ እህቴ፣ አገኘሁት" ትለኛለች። ቀዩን የኬሞ መድኃኒት ስትሰጠኝ ዓይኗን ከክንዴ አትነቅልም። ከደም ስር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል፤ "ካቃጠለሽ ቶሎ ንገሪኝ" ትላለች። በመድኃኒቱ ሽንቴ እንደሚቀላ አስቀድማ ባትነግረኝ ደም መስሎኝ በድንጋጤ እሞት ነበር። ፀጉሬም ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ እንደሚረግፍ ስለነገረችኝ ሻሼን ቀድሜ አዘጋጀሁ። የሚመጣውን ማወቅ ፍርሃትን ባያጠፋውም ልክ ያበጅለታል።

ቀጠሮው ግን ያማርራል። የኔ መድኃኒት በየ21 ቀኑ ነው። ከዚያ በፊት የደም ምርመራ አለ፤ ነጭ የደም ሴል ከወረደ ኬሞው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ይሄ ለራሴ ደኅንነት ነውና አላማርርበትም። የሚያበግነኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፌ፣ ረፋድ ላይ "ሪኤጀንት (የደም መመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል፣ ሰኞ ተመለሱ" ስባል ነው። ሌላ ቀን ዶክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሌላ ቀን መድኃኒቱ ራሱ የለም፣ ከውጭ ግዙ። የጤና መድን ደብተሩን ይዞ ከገጠር የመጣ ገበሬ "ከውጭ ግዛ" ሲባል ፊቱ ምን እንደሚሆን መስኮቱ ጋ ቆሜ አይቻለሁ።

ጤነኛ ሰው "ታዲያ ሰኞ ብትመለሺስ?" ይል ይሆናል። ኬሞ የሚወስድ ሰው ግን ለዚያች ቀን ልቡን አሰባስቦ ነው የሚመጣው። ቀኑ ሲቃረብ ምግብ አልበላ ይለኛል፤ የክፍሉ ሽታ ቤቴ ድረስ ይመጣብኛል። ለልጆቼ ወጥ ሠርቼ፣ ጎረቤቴን አደራ ብዬ፣ ተሳልሜ ነው የምወጣው። "ተመለሺ" ስባል ያ ሁሉ የፈሰሰ ውሃ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው መፍራት አለብኝ።

አንድ ቀን እንዲህ ብለው ሲመልሱን ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ከወረባቦ የመጡ እናት አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸውም ታማሚ ናቸው። ተይ አላሉኝም። "አልቅሽ ልጄ፣ ይውጣልሽ" አሉኝ። ከዚያ ከግቢው በር ማዶ ቡና ወደምታፈላ ሴት ወሰዱኝ። አቦሉ ሲቀዳ እጃቸውን ዘርግተው "አላህ አፊያችንን ይመልስልን" ብለው መረቁ። እኔ ማተብ ያሰርኩት "አሜን" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነርሷን ለምነን ቀጠሯችንን አንድ ቀን አስደረግን። አንዳችን ስንጠራ አንዳችን ቦርሳ እንይዛለን።

ለአስተዳደሩ የምለው፦ ሪኤጀንት ማለቁ በዋዜማው ይታወቃል። ስልካችን ካርዳችን ላይ ተጽፏል። እባካችሁ ደውሉልን።

ለምትጀምሩ ደግሞ፦ ብቻችሁን አትሂዱ። ሰው ሲደነግጥ የሚነገረውን ግማሹን አይሰማም፤ የሚጽፍላችሁ ይኑር። የክፍሉን ስልክ ተቀበሉና ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ። ትኩሳታችሁ 38 ከደረሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ኬሞ ላይ እንዳላችሁም ገና በሩ ላይ ንገሯቸው። ለዚህ ቀጠሮ አይጠበቅም።