ርጥብ ቤዝመንት፦ ከውስጥ ማድረቅ ወይስ ከውጭ መከላከል?

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ቤት ስትገዙ የቤዝመንቱ (ከምድር በታች ያለው ክፍል) ግድግዳ ግርጌ ነጭ ዱቄት መሰል ጨው ካወጣ፣ ወይም አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ጠርጥሩ። በመጀመሪያ ርካሹን መፍትሔ ሞክሩ፦ አሸንዳውን ጥረጉ፣ የመውረጃ ቱቦውን አፍ ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል አርቁ፣ አፈሩ በ3 ሜትር ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ሙሉት። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ይህን ሳያነሳ ወደ ቁፋሮ የሚሮጥ ባለሙያ አያስተማምንም።

ውሃው ወለልና ግድግዳ ከሚገናኙበት ስንጥቅ የሚመነጭ ከሆነ ከውስጥ ማድረቁ ይሻላል። በግድግዳው ዙሪያ አርማታው ተሰብሮ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለቀዳዳ ቱቦ በጠጠር ውስጥ ይቀበራል፤ ውሃው ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ በፓምፕ ይወጣል። ድክመቱ ፓምፑ ነው። መብራት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ዶፍ በሚወርድበት ሰዓት ስለሆነ መጠባበቂያ ባትሪ ግድ ነው። የተገፋው ውሃ እንዳይመለስ ቫልቭ ይገጠምለት። ብሎኬቱ ግን እንደራሰ ይቀራል።

ግድግዳው ራሱ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ከውጭ እስከ መሠረቱ ተቆፍሮ ውሃ የማያስገባ ሽፋን ይለብሳል፤ ከሥሩም ቱቦና ጠጠር ይገባል። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከውስጡ በብዙ ይበልጣል፤ በረንዳና የመኪና መግቢያም ሊያስፈርስ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት የሁለቱንም ዋጋ በጽሑፍ አስወጡና ከሻጩ ጋር ተደራደሩበት።