ለክለሳ የገዛሁት የጨዋታ ሳጥን

አምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ፈተና በተቃረበ ቁጥር የክለሳው ክፍለ ጊዜ ያስጨንቀኝ ነበር። ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ፤ እጠይቃለሁ፣ እነዚያው አራት ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ፤ ሌላው ደወል ይጠብቃል። ስለዚህ ልጆች በቡድን ተከፍለው፣ እየተነሡ እየሮጡ ሰዋስውና የቃላት አጻጻፍ የሚከልሱባቸው ጨዋታዎች ያሉበት አንድ ሳጥን ገዛሁ። አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ሠርቼበታለሁ።

ውስጡ የቃል ካርዶች፣ የዝንብ መግደያ የሚመስሉ ሁለት ለስላሳ መምቻዎች፣ የአሸዋ ሰዓትና የጨዋታውን ሕግ የሚያስረዳ መምሪያ አለ። ካርዶቹ ወፍራም ናቸው፤ ስንት እጅ ላይ ወጥተው ወርደው ጫፋቸው እንኳ አልተላጠም። መምሪያው ግን አሳዝኖኛል። አንዱ ገጽ ላይ «ሕግ»፣ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ «ህግ» ይላል። አጻጻፍ ላስተምር ብሎ የተነሣ ዕቃ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። በእስክሪብቶ አርሜ ነው የተጠቀምኩበት።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሰሌዳ መምታት ነው። ከየቡድኑ አንድ አንድ ልጅ ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ ይቆማል፤ ቃሉ ሲነበብ ዞሮ ትክክለኛውን ካርድ ይመታል። መምሪያው «ቃሉን ብቻ አንብቡ» ይላል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። «ድኅነት» እና «ድህነት» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ አንዱ መዳን፣ ሌላው ማጣት መሆኑ የሚለየው በዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። «ሠረቀ» (ወጣ) እና «ሰረቀ»ም እንደዚያው። ፀሐይዋንና ሌባውን ሳይጠሩ ልጁን ምረጥ ማለት ገምት ማለት ነው። እኔ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አነባለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ልጆች እኩል ሲዞሩ ግንባር ለግንባር ተጋጩ፤ ደግነቱ ከእብጠት አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ሦስት እስክቆጥር ማንም ንቅንቅ አይልም። ይቺ ትንሽ ፋታ ጨዋታውን አቃናችው፤ እግረ ፈጣኑ ብቻ ሳይሆን አሰብ የሚያደርገውም ማሸነፍ ጀመረ።

ጠመኔ እየተቀባበሉ አንድ አንድ ፊደል የሚጽፉበት ቅብብሎሽ ብዙም አልጠቀመኝም። የአማርኛ ቃል በሦስት በአራት ፊደል ያልቅና ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያሉት ጠመኔውን ሳይነኩ ይቀራሉ። እንደ «አስተዋወቋቸው» ያለ ረዘም ያለ ቃል ሲሰጣቸው ይሻላል፤ «ቋ» ላይ ሲደርሱ ደግሞ በደንብ ይከራከራሉ።

ለሰዋስው ግን የቆመ ዐረፍተ ነገር የሚባለውን የሚያህል አላገኘሁም። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ካርድ ደረቱ ላይ ይዞ ይሰለፋል። አንድ ቀን ሦስት ልጆች «ልጁ»፣ «ውሻው»፣ «ነከሰ» ሆነው ቆሙ፤ አራተኛዋ የያዘችው «ን»ን ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሄዳ «ልጁ» አጠገብ ቆመች፤ «ልጁን ውሻው ነከሰ» ብለን አነበብን። «አሁን ወደ ውሻው ሂጂ» አልኳት። አንድ እርምጃ ተራመደች፤ «ልጁ ውሻውን ነከሰ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ቦታውን አልለቀቀም፤ የተንቀሳቀሰችው «ን» ብቻ ናት፤ ተሳቢውና ባለቤቱ ግን ተለዋወጡ። ይህን ነገር ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ አስምሬበት አስረድቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን የገባቸው ጊዜ የለም። «አነበበች»ን የያዘች ልጅ «ተማሪዎቹ» ጎን ስትደርስ «ቲቸር፣ እኔ የእነሱ አይደለሁም» ብላ ወደ ኋላ የተመለሰችውም በዚሁ ጨዋታ ነው።

ከሁሉ የምወደው የሩጫ ቃል ጽሕፈት ነው። ከበር ውጭ ግድግዳ ላይ «ሠዓሊው በየዓመቱ አንድ ሥዕል ይሥላል» ዓይነት ጽሑፍ እለጥፋለሁ። ሯጩ ሄዶ ያነባል፣ ይዞ ይመለሳል፣ ለጸሐፊው ይነግራል። ድምፁን ብቻ ይዞ ቢመጣ አይበቃውም፤ የትኛው ፊደል እንደሆነም መያዝ አለበት። ንጉሡ «ሠ»፣ እሳቱ «ሰ»፣ ሐመሩ «ሐ»፣ ብዙኃኑ «ኀ» የሚሉት የፊደል ስሞች እዚህ ላይ ነፍስ ዘሩ። ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ አንዲት ልጅ ጸሐፊ ሆና ተቀምጣ ነበር። ሯጩ እያለከለከ «ሥዕል» ሲላት እርሳሷን አነሣችና «ተመለስና እየው፤ ንጉሡ ነው እሳቱ?» አለችው። ሄዶ መጣ። «ንጉሡ!» ያኔ ጻፈች። ነጥብ የምሰጠው ቀድሞ ለጨረሰ ሳይሆን ጥቂት ለተሳሳተ ቡድን ነው፤ የአሸዋ ሰዓቱንም እዚህ ላይ አላወጣውም፤ ያጣድፋቸዋል።

ሳጥኑ የሚጎድለው ነገር አለ። ስለሚጠብቅና ስለሚላላ ድምፅ አንድም ጨዋታ የለውም። «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ» የሚሉትን ጽፌ ራሴ ካርድ ሠራሁ፤ አንዱ ቡድን አጥብቆ፣ ሌላው አላልቶ ያነብና ፍቺውን በእንቅስቃሴ ያሳያል። «ዋና»ን አላልተው ሲያነቡ እንደ ዋናተኛ የተንፈራገጡበትን አልረሳውም። ሌላው ጫጫታው ነው፤ ቀጥሎ ያለው ክፍል ፈተና ላይ ከሆነ አይሞከርም። ወንበር ለማስጠጋትና ለመመለስ ብቻ አሥር ደቂቃ ይሄዳል።

ከጨዋታው በኋላ ባለው የቃል ጽሕፈት «ፀሐይ»ንና «ኃይል»ን አስተካክለው የሚጽፉት በርክተዋል። ድርሰት ሲጽፉ ግን ብዙዎቹ ወደ ሃሌታው «ሀ» ይመለሳሉ። ስለዚህ ድርሰታቸውን ከማረም አላረፍኩም፤ የተሳሳቱባቸውን ቃላት እየለቀምኩ ለሚቀጥለው ሩጫ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው ጽሑፍ አደርጋቸዋለሁ።

ካርዶቹን ለቆመው ዐረፍተ ነገርና ለሰሌዳው ስል መልሼ እገዛቸዋለሁ። መምሪያውን ይዞ ደረጃ በደረጃ ልከተል ለሚል መምህር ግን አልመክርም። የሩጫ ቃል ጽሕፈቱ ደግሞ ሳጥኑን አይፈልግም፤ አንድ ወረቀት፣ ማጣበቂያና ክፍት በር ይበቃዋል።