የ3 ብር ፊውዝ ወይስ የ20 ብር? ለሚኒባስ ባለቤቶች

ሚኒባስ ያላቸው ጓደኞቼ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል። «እሳት እንዳይነሳብኝ ምን ልግዛ?» የሚጠይቁኝ ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም። መኪናዬ ለጥቂት ስለተረፈች ነው።

ሾፌሬ መገናኛ ተራ ይዞ ቆሟል። ከጋቢናው ወንበር ስር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። የእኔ ሃይስ ሞተሯ እዚያው ወንበር ስር ነው። ረዳቱ ተሳፋሪውን አወረደ፣ ሾፌሩ ሮጦ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ሲከፈት የቴፑ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልጧል። መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ቀድሞ ተበጥሶ ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ የነበረበት ፊውዝ ግን እንደ ሙሽራ ቁጭ ብሏል። ጥገናው 14,000 ብር በላ። መኪናዋ ሦስት ቀን የቆመችበትን አልቆጠርኩም።

ያንን ፊውዝ የገዛሁት እኔው ነኝ። 100 ፍሬ የያዘ ሳጥን በ350 ብር። አንዱ 3 ብር ከ50 ሳንቲም መጣ ማለት ነው፤ ያኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቀለሙ ልክ ነው፦ 10 አምፔር ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ። ቁጥሩም ተጽፎበታል። ውስጡ ያለው ብረት ግን ቁጥሩን አያውቀውም።

አዲስ ኦርጅናል አንዱን 60 ብር አሉኝ። ከተበታተነ የጃፓን መኪና የወጣ ያገለገለ ደግሞ 20 ብር። እኔ ሳላመነታ ያገለገለውን ግዙ እላለሁ። ፊውዝ እንደ ፍሬን ሸራ ተበልቶ አያልቅም። እግሩ ካልዛገ፣ ፕላስቲኩም ካልጠቆረ ይሠራል። 20 ፍሬ ብትቀይሩ 400 ብር ነው። ከፎርጅዱ ሳጥን በ50 ብር ብቻ ይበልጣል! የሳጥኑ ቀሪ 80 ፍሬ ምን ሊሠራላችሁ ነው?

ካላመናችሁኝ ሞክሩት። ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ውሰዱ። ሁለት ባለ 60 ዋት የፊት መብራት አምፖሎችን ጎን ለጎን አገናኙና ከ12 ቮልት ባትሪ በዚያ ፊውዝ በኩል አብሩ። 120 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 10 አምፔር ገደማ ይስባሉ፣ የፊውዙን እጥፍ። ደህና ፊውዝ በ5 ሰከንድ ውስጥ መበጠስ አለበት። የእኔን ፎርጅድ ስሞክረው ሻይ አዝዤ ጠጥቼ ጨረስኩ፤ አምፖሎቹ እንደበሩ ናቸው። (ቅጥቅጥ ያላችሁ፣ የእናንተ 24 ቮልት ስለሆነ ዋቱን በ24 አካፍሉ፤ የሚመጣው አምፔር የፊውዙ እጥፍ መሆን አለበት።)

ፊውዝ በተበጠሰ ቁጥር በ15 ቦታ 30 የሚሰካ ኤሌትሪሻን ካላችሁ ደግሞ፣ ከፊውዙ በፊት እሱን ቀይሩት።

ገመዱ ላይም ያው ጨዋታ ነው። ሙሉ መዳብ የሆነውን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ አንዱን ሜትር በ90 ብር ገዛሁ። ጎኑ የተሰቀለው 45 ብር ነበር፤ ከላይ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ያው ጭነት ሲያልፍበት ይበልጥ ይግላል። በእኛ መንገድ ሲንገጫገጭ ደግሞ መጋጠሚያው ይላላል፣ የላላ መጋጠሚያ ይባስ ይግላል። ለቴፕና ለአምፕሊፋየር 6 ሜትር ይበቃል። ልዩነቱ 270 ብር ነው። 14,000 ከፍሎ ለወጣ ሰው ይህ ሂሳብ አይከብድም።

መለየቱ ቀላል ነው። አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ነጭ ከወጣ ተዉት። ጥቅሉን አንሱት፣ ከመጠን በላይ ከቀለለም ተዉት። ሶማሌ ተራ አንዱ ሻጭ «ልፋቀው» ስለው ፊቱን አጠቆረ። አመስግኜው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሄድኩ።

ገመድ ከባትሪ አዲስ ስታወጡ ፊውዙን ከባትሪው ከአንድ ስንዝር አታርቁት። ጫፉ ቴፑ ጋ ብቻ ፊውዝ ካለው፣ መሃል ላይ ገመዱ ቢላጥና ቦዲውን ቢነካ ማንም አያስቆመውም። ብረት ቀድዶ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ላስቲክ ይግባበት። ላስቲኩ 15 ብር ነው፣ ስለሱ አልከራከርም።

የባትሪ ማቋረጫም ግዙ፣ ግን ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ደህናው ናስ ነው፤ ናስ ደግሞ ማግኔት አይዘውም። ርካሹ ብረት ሆኖ ናስ የተቀባ ነው፤ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) በሳበ ቁጥር ይግላል። እኔ የገዛሁት የመጀመሪያው በሁለት ወሩ ቀለጠ። እሳት ይከላከላል የተባለው ዕቃ!

እሳት ማጥፊያ ላይ ብዙ አልልም። ለሚኒባስ ባለ 2 ኪሎ ዱቄቱ ይበቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውድ ነው፣ በር ተከፍቶ ነፋስ ሲገባም ጋዙ ይበተናል። ዱቄቱን ስትገዙ የግፊት መለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን እዩ፣ ከዚያ ሾፌሩ እጅ በሚደርስበት ቦታ እሰሩት። የእኔ ያን ቀን ኋላ ወንበር ስር፣ ከትርፍ ጎማው ጋር ታስሮ ነበር።