የኬልቶች የአራት አቅጣጫ ተመስጦ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራውና የማይሠራው

ይህ ተመስጦን በእንግሊዝኛ የሚመራ የድምፅ ቅጂ ነው፤ ስያሜውን ያገኘው ከኬልቶች፣ ማለትም ከአየርላንድና ከአካባቢዋ የጥንት ሕዝቦች ነው። 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ተራኪዋ አድማጩን ከምሥራቅ አስነሥታ በቀኝ በኩል፣ ፀሐይ በምትሄድበት አኳኋን፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ታዞረውና መካከል ላይ ታሳርፈዋለች። ምሥራቅ የነፋስና የቡቃያ ወቅት ነው፤ ደቡብ የእሳትና የሙቀት፤ ምዕራብ የውሃና የመኸር፤ ሰሜን የመሬትና የብርድ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ በየመካከሉ የተተወው ዝምታም በቂ ነው። እንግሊዝኛው ዝግ ያለ ስለሆነ ቋንቋውን በመጠኑ የሚያውቅ ሰው ይከተለዋል። ይሁን እንጂ ለአየርላንድ ሰማይ የተሠራ ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ እንዳለ ከተወሰደ ደቡብ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል።

ደቡብ ለእሳት የተሰጠው በምክንያት ነው፤ አየርላንድ ውስጥ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ደብረ ብርሃን ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.7 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ታልፋለች። ከሚያዝያ 7 ገደማ እስከ ነሐሴ 22 ገደማ ቀትር ላይ የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ ተራኪዋ በግንቦት ወደ ደቡብ አዙራ «የቀትሩ ሙቀት ፊትህን ይንካ» ስትል ሙቀቱ የሚያርፈው ማጅራት ላይ ነው። የእሳቱን ክፍል ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ማድረግ ይሻላል። መስከረም 16 ደመራ ሲለኮስ ፀሐይ ወደ ደቡብ ተመልሳለች፤ እሳቱም አቅጣጫውም ያኔ ይገጥማሉ።

ምሥራቅን ለማግኘት ጀንበር የወጣችበትን መያዝ የሚያስተማምነው በመስከረምና በመጋቢት አጋማሽ አካባቢ ብቻ ነው። በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ እስከ 24 ዲግሪ ድረስ ታፈነግጣለች። በስልክ ኮምፓስ የሚጠቀም ሰው ስልኩን አየር ላይ እንደ ስምንት ቁጥር እያዞረ ያስተካክለው፤ ከቆርቆሮ ግድግዳና ከብረት አልጋም ይራቅ። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያሳስተዋል።

የቀሩት ሦስቱ አቅጣጫዎች እንዲያውም ለዚህ አገር የተሰፉ ይመስላሉ። ከደጋው በስተ ምዕራብ ያሉት ወንዞች በጀማ ሸለቆ አድርገው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ተራኪዋ ስለ ባሕር ዳርቻ ስታወራ የጀማን ገደል ማሰብ ይበቃል። በሰሜን መንዝና ጓሳ አሉ፤ ለመሬትና ለብርድ ከዚያ የተሻለ ምስል አይገኝም። ምሥራቅ የነፋስ ነው መባሉንም ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆሞ ጉም ከቆላው ሲወጣ ላየ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ወቅቶቹን ግን በቀናቸው መከተል አያዋጣም። ወቅቶቹ የሚገቡባቸው አራቱ የአየርላንድ በዓላት በእኛ አቆጣጠር እንዲህ ይውላሉ፦ ሳዊን ጥቅምት 22፣ ኢምቦልክ ጥር 24፣ ቤልተን ሚያዝያ 23፣ ሉናሳ ሐምሌ 25። ሳዊን ከብት ከግጦሽ የሚገባበት፣ ጨለማው ወራት የሚጀምርበት ነው፤ እዚህ ጥቅምት መጨረሻ ሰማዩ ጠርቶ እህል ወደ አጨዳ ይቃረባል። የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊንና ደብረ ብርሃን በቀን ርዝመትም አይገናኙም። ደብሊን ላይ ቀኑ በታኅሣሥ ወደ 7 ሰዓት ተኩል ያጥርና በሰኔ ወደ 17 ሰዓት ይረዝማል፤ እዚህ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ከሩብ አይሞላም። «ብርሃኑ ሲሸሽ ይሰማህ» የሚለው ክፍል ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። በምትኩ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን የሌሊት ውርጭ መያዝ ይቻላል። ሉናሳ ግን ባልተጠበቀ ቦታ ይሰምራል። የመጀመሪያው እህል የሚቆረጥበት በዓል ስለሆነ፣ የበልግ ገብስ በሰኔና በሐምሌ በሚታጨድባቸው የመንዝ ደጋዎች ብዙም አይዛነፍም። መኸር ብቻ የሚያርስ አካባቢ ላይ ግን በሐምሌ ጎተራ የሚጎድልበት ጊዜ ነውና ስለ ምርት ማሰላሰል ከአንጀት አይወጣም።

መግቢያው ላይ ይህ ሁሉ «የጥንት ኬልቶች ጥበብ» ነው መባሉ ሊታረም ይገባዋል። አራቱ ባሕርያት (ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃና መሬት) በዚህ መልክ የመጡት ከግሪኩ ፈላስፋ ኤምፔዶክለስ ነው፤ ከአቅጣጫ ጋር ያቆራኛቸው አደራደርም የተስፋፋው በእ.ኤ.አ. 1888 ለንደን ውስጥ በተመሠረተው ጎልደን ዶን በተባለ የምሥጢራዊ ጥበብ ማኅበር በኩል ነው። የአየርላንድ የመካከለኛው ዘመን ጽሑፍ ስለ ጥንት ነገሥታት መቀመጫ ስለ ታራ ሲናገር የሚያስቀምጠው ሌላ ነው፦ ዕውቀት በምዕራብ፣ ጦርነት በሰሜን፣ ብልጽግና በምሥራቅ፣ ሙዚቃ በደቡብ፣ ንግሥና በመካከል። ይህ አደራደር ፀሐይንም ወቅትንም ስለማይጠይቅ ደብረ ብርሃን ላይ ሳይሸራረፍ ይሠራል። ቅጂው ይህን ትቶ ያንን መምረጡ ትልቁ ድክመቱ ነው።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ዓይን ጨፍኖ ቆሞ መዞር ያንገዳግዳል። በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግርን እያንሸራተቱ ሩብ ሩብ መዞር ይሻላል። ትንፋሹ 4 ቆጥሮ ማስገባት፣ 4 ቆጥሮ መያዝ፣ 6 ቆጥሮ ማስወጣት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ እንግዳ መያዙን ትቶ ማስገባትና ማስወጣቱን ብቻ ቢያደርግ ራስ ማዞር ይቀንስለታል። ለአራቱ ባሕርያት የሚያስፈልገው አንድ ጧፍ፣ ግማሽ ጣሳ ውሃ፣ አንድ እፍኝ አፈርና ገርበብ ያለ መስኮት ነው። ብርዱ ስለሚያስቸግር ከሰል በዝግ ክፍል አቀጣጥሎ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ የሚፈትነው አለ፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። የመንዝ ባና ደርቦ ከሥር አጎዛ ማንጠፍ ይበቃል።

በየአቅጣጫው መጀመሪያ «ጠባቂ» እንዲጠራ የሚያዝ አጭር ንግግር አለ። ይህ ከትንፋሽ ልምምድ ያለፈ ጥሪ ስለሆነ ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው ይዝለለው። የትንፋሽ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነውና ከልምምዱ የሚጎድል ነገር የለም።

ሰዓቱን በሚመለከት ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ተመራጭ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ጧፉ አይቆምም። ፋይሉ 29 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ቀድሞ አውርዶ ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ ማድረግ ያዋጣል።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥተነዋል። አምስቱ ክፍሎች በተለያየ ፋይል ቢመጡ ኖሮ 4 ይገባው ነበር። አሁን ሁሉም በአንድ ስለተጠቀለለ በግንቦት እሳቱን ለመዝለል የሚፈልግ ሰው በተመስጦው መሀል ዓይኑን ገልጦ ስልኩን መነካካት አለበት።