የተመረጠ አፕ በነጻ ወይስ ለሁሉም እኩል ዳታ?

ቴሌኮም የተመረጡ አፖችንና ድረ ገጾችን ብቻ ያለ ክፍያ ይክፈት (ነጻ አፕ)፣ ወይስ ዳታ ለየትኛውም ድረ ገጽ በአንድ ዋጋ ይሸጥ (እኩል ዳታ)? ምርጫው ቁልጭ ብሎ የወጣው ሕንድ ውስጥ ነው። ፌስቡክ በ2015 እ.ኤ.አ. ከቴሌኮም ኩባንያው ሪላያንስ ኮሙኒኬሽንስ ጋር ሆኖ የተመረጡ ድረ ገጾችን ያለ ዳታ ክፍያ ማቅረብ ጀመረ፤ በኋላ "ፍሪ ቤዚክስ" ተባለ። የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ትራይ በፌብሩዋሪ 2016 እንዲህ ያለውን የዋጋ ልዩነት ከለከለ።

ወጪ
ነጻ አፕ፦ ሒሳብ ባይኖርም ይሠራል።
እኩል ዳታ፦ መክፈል ግድ ነው። ግን በዚያው በ2016 ሴፕቴምበር ጂዮ የተባለ አዲስ ቴሌኮም ገበያ ገብቶ ለወራት ዳታ በነጻ ሲያድል የሌሎቹም ዋጋ ወረደ። ይህ የፉክክር ውጤት ነው፤ ሕጉን ማመስገን ያስቸግራል።

ቅለት
ነጻ አፕ፦ ከፍቶ መጠቀም ነው፤ ቪዲዮና የድምፅ ጥሪ ግን አልነበረውም። ከተፈቀደው ዝርዝር ውጭ ያለ ሊንክ ከነኩ ሒሳብ ይጠየቃሉ።
እኩል ዳታ፦ የፈለጉትን መክፈት።

ስጋት
ነጻ አፕ፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውን መስፈርት ያወጣው ራሱ ፌስቡክ ነበር። ትናንት የተከፈተ የአገር ውስጥ ድርጅት ነጻ ከሆነ ተፎካካሪ ጋር ገበያ ወጥቶ ምን ይሸጣል?
እኩል ዳታ፦ ኩባንያውን ይገታል፤ መንግሥትን ግን አይነካም። ያቺው ሕንድ በኦገስት 2019 የካሽሚርን ኢንተርኔት ዘግታለች።

ለማን ይስማማል?
ለጤና መረጃ ወይም ለአጭር መልእክት ብቻ ለሚፈልገው፣ ኪሱም ባዶ ለሆነ ሰው ነጻው አፕ ይሻላል። ለሚማር፣ ለሚነግድ፣ አፕ ለሚሠራ ደግሞ እኩል ዳታ፤ ቴሌኮሞቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ በተለይ።