«ልጅዎ ለአሜሪካ ኮሌጅ ተመርጧል» የሚል ደብዳቤ ለደረሳችሁ የወሎ ወላጆች

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና መርሳ የምትኖሩ፣ ኳስ የሚወድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። በትምህርት ቤት በሮችና በታክሲ መያዣዎች አካባቢ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም፤ «የአሜሪካ ኮሌጅና የአውሮፓ አካዳሚ ምልመላ፣ ዕድሜ ከ13 እስከ 17፣ መመዝገቢያ 500 ብር» ይላል። 500 ብር ከስሮ ከቀረ ምንም አይደለም። ጉዳቱ ያለው ከሙከራው ጨዋታ በኋላ «ልጅዎ አልፏል» ተብሎ በሚመጣው ውል ውስጥ ነው።

እህቴ ያንን ውል ይዛ ወደ እኔ መጣች። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ውል ማንበብ የዕለት እንጀራዬ ነው። ከመፈረሟ በፊት እያንዳንዱን አንቀጽ አየነውና ሳትፈርም ቀረች። ከልጇ ጋር «ካለፉት» ልጆች መካከል ግን ወላጆቻቸው የፈረሙላቸውና የከፈሉላቸው አሉ፤ ለዚህም በሬ የሸጠ፣ የእቁብ ዕጣውን ያስቀደመ ሰው አውቃለሁ። የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ከከተማ ከተማ ስሙን ስለሚለዋውጥ እሱን ማወቃችሁ ብዙም አይረዳችሁም፤ የውሉን መልክ ማወቅ ግን ይረዳችኋል።

ክፍያው 95,000 ብር ሲሆን በሦስት ዙር ይፈጸማል። ሲፈረም 30,000፣ «የግብዣ ደብዳቤ» ሲመጣ 40,000፣ የቪዛ ቀጠሮ ሲያዝ 25,000። ልብ በሉ፤ ልጁ ቪዛ ቢያገኝ የሚከፈል ነገር የለም፣ ኮሌጅ ቢገባ የሚከፈል ነገር የለም። ገንዘቡ በሙሉ የሚሰበሰበው ኤምባሲው በር ላይ ከመደረሱ በፊት ነው። ከዚያ ቀጥሎ «ቪዛ የኤምባሲው ውሳኔ በመሆኑ ድርጅቱ ተጠያቂ አይሆንም፣ ገንዘብ አይመለስም» የሚል አንቀጽ ይከተላል። ልጁ ቢሄድም ቢቀርም ገቢው የማይለወጥ ድርጅት ለልጁ መሄድ ምን ያህል እንደሚደክም እናንተው ገምቱ። የገንዘብ መቀበያው ሂሳብ ደግሞ የድርጅቱ ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ነበር። የንግድ ፈቃዱን አሳዩን ስንላቸው ያመጡት ወረቀት ላይ የሥራው ዘርፍ የስፖርት አልባሳት ችርቻሮ ይላል። ማሊያ ለመሸጥ የተፈቀደለት ሰው ልጅ ሊሸጥ ተነሥቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ፤ ብዙዎች የተያዙት በእሱ ነውና። ሐሰተኛ ሰነድ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልነበረም። ኮሌጁ በእርግጥ ያለ ኮሌጅ ነው፣ አሰልጣኙም አለ፣ ደብዳቤውም የመጣው ከራሱ ከኮሌጁ ነው። ደብዳቤው የሚለው ግን ልጁ በበጋ ለሦስት ቀን በሚካሄድ የእግር ኳስ ካምፕ ላይ ከፍሎ መሳተፍ እንደሚችል ብቻ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች አሰልጣኞች እንዲህ ያሉ ካምፖችን በየዓመቱ ያዘጋጃሉ፤ ግብዣውም በኢንተርኔት ቅጽ ለሞላ ሁሉ በጅምላ ይላካል። ዕድሜው ከደረሰና ከከፈለ ማንም ይገባል። ለካምፕ መጋበዝ ለቡድን መመረጥ አይደለም፤ የትምህርት ዕድልም አይደለም፤ ለተማሪ ቪዛም አያበቃም። በደላላው ቢሮ ግን ይኸው ወረቀት ታትሞ፣ ማህተም ተጨምሮበት፣ 40,000 ብር ይጠየቅበታል። ደብዳቤው እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ከላይም የኮሌጁ አርማ ስላለበት፣ እናት አባት በእልልታ ይቀበሉታል። እውነተኛ ወረቀት ይዞ መዋሸት እንደሚቻል ያየሁት በዚህ ነው።

በዚያ ደብዳቤ የሚጠየቀው ቪዛ የጎብኚ ቪዛ ነው። በአሜሪካ ሕግ አመልካቹ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ቆንስላውን ማሳመን ያለበት ራሱ ነው፤ ሥራም ንብረትም የሌለው የ16 ዓመት ልጅ ለሦስት ቀን ካምፕ ብሎ ሲቀርብ የሚሰጠውን መልስ መገመት አያዳግትም። ለኤምባሲው የተከፈለውም አይመለስም።

እውነተኛው የኮሌጅ መንገድ ሌላ ወረቀት አለው፤ አይ 20 ይባላል። ኮሌጁ ተማሪውን ከተቀበለ በኋላ ራሱ የሚያወጣው ቅጽ ነው። የአንድ ዓመት ወጪው ስንት እንደሆነ፣ ከዚያ ውስጥ ኮሌጁ ስንቱን እንደሚሸፍንና ቤተሰብ ስንቱን እንደሚከፍል በቁጥር ተጽፎበታል። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ያላችሁ ሰው ይህን ቅጽ ካላሳያችሁ ስለ ስኮላርሺፕ አላወራችሁም። በተማሪ ቪዛ ከሚከፈሉት ክፍያዎች አንዱ ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ክፍያ ሲሆን 350 ዶላር ነው፤ በአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ በቀጥታ የሚከፈል እንጂ በደላላ ኪስ የሚያልፍ አይደለም።

ኮሌጆቹ ገንዘብ አይሰጡም እያልኩ አይደለም፤ ይሰጣሉ። ነገር ግን ስፋቱን እወቁት። ኤንሲኤኤ በሚባለው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር በአንደኛ ዲቪዚዮን ያለ የወንዶች እግር ኳስ ቡድን እስከ 2024/25 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ድረስ መስጠት የሚችለው ቢበዛ የ9.9 ተማሪዎችን ሙሉ ወጪ ነበር፤ አሰልጣኞች ይህንኑ ከ25 ለሚበልጡ ተጫዋቾች ቆራርሰው ያካፍሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተለውጦ አዲሱን ሥርዓት የተቀበሉ ኮሌጆች የተጫዋቾቻቸው ብዛት በ28 ተወሰነ፤ ሁሉንም በገንዘብ እንዲረዱ ግን አይገደዱም። በሦስተኛ ዲቪዚዮን ያሉት ደግሞ በስፖርት ስም ምንም አይሰጡም፤ የሚረዱት በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ አቅም ነው። አንደኛ ዲቪዚዮን መጫወት የፈለገ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን አጠናቆ ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2.3 አማካይ ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ የአሜሪካ ኮሌጅ በር የሚከፈተው በክፍል ውስጥ ነው። ድርጅቱ ግን «ለዝግጅት» ብሎ ልጆቹን በሥራ ቀን ጠዋት ጠዋት ሜዳ ይጠራቸዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እናስታውሳለን። የእኛ ልጆች ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ከትምህርት ገበታ ርቀው የከረሙ ናቸው። አሁን ደግሞ በኳስ ሰበብ ከክፍል ማስወጣት፣ ለዚያውም ከፍሎ!

የአውሮፓውን ተስፋ በአጭሩ ልጨርሰው፤ ደንቡ ራሱ አጭር ነውና። በፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዛወር አይችልም። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ወላጆቹ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት አገር ከቀየሩ፣ ድንበር አጠገብ የሚኖር ከሆነ፣ በስደት የወጣ ከሆነ፣ በተወሰነ የትምህርት ልውውጥ ከሄደ። ከ16 እስከ 18 ያሉ ልጆች እንዲዛወሩ የሚፈቅደውም በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሚደረግ ዝውውር ነው። ደሴ ተቀምጦ በ15 ዓመቱ ለስፔን ወይም ለጣሊያን ክለብ የሚመዘገብበት ቀዳዳ የለም። ታዲያ በማስታወቂያው ላይ ያለው የታላቁ ክለብ አርማ ምንድን ነው? አንዳንድ ክለቦች ስማቸውን ለክረምት ካምፖች ያከራያሉ፤ የክፍያ ትምህርት ቤቶችም ራሳቸውን «አካዳሚ» ይላሉ። ከእነዚያ መግባት ክለቡ ውስጥ መግባት አይደለም።

ለመሆኑ በሌላ አህጉር በ«አካዳሚ» ስም የተወሰዱ ልጆች ምን ገጠማቸው? በ2015 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ እንዳጋለጠው 23 አፍሪካውያን ታዳጊዎች፣ አብዛኞቹ ከላይቤሪያ፣ በሕግ ወዳልተመዘገበ አካዳሚ ወደ ላኦስ ተወስደው ነበር። ደመወዝና መኖሪያ ቃል የሚገባ ውል አስፈርመዋቸው፣ ደመወዙን ሳያዩ ስታዲየም ውስጥ ተጨናንቀው ያድሩ ነበር። «አሜሪካ ካልተሳካ በጅቡቲ በኩል ሌላ መንገድ አለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ነገሩ ከኳስ ወጥቷል። በሰው መነገድንና ሕገወጥ ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የወጣው ለዚያ ዓይነቱ ነው፤ ወሎ ይህን መንገድ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

በውሉ ውስጥ ደሜን ያፈላው አንቀጽ ግን ከኋላ ነው ያለው። ልጁ 23 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ድርጅቱ ብቸኛ ወኪሉ ይሆናል፣ ከማናቸውም የተጫዋችነት ገቢው 30 በመቶ ይወስዳል ይላል። በፊፋ ደንብ ወኪል መሆን የሚችለው ፈተና አልፎ ፈቃድ ያገኘ ግለሰብ ነው፤ ድርጅት ፈቃድ አያገኝም። ከተጫዋች ጋር የሚደረግ የውክልና ውልም ከሁለት ዓመት አይበልጥም። ወኪል ታዳጊን ማነጋገር የሚችለው ልጁ በሚቀጠርበት አገር ሕግ የመጀመሪያውን የባለሙያነት ውል መፈረም የሚችልበት ዕድሜ ሊደርስ ስድስት ወር ሲቀረው ነው፤ እሱንም በወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ። ክፍያን በተመለከተ ፊፋ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጣሪያ በአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ክርክር ገጥሞት አፈጻጸሙ ቢታገድም፣ በተጫዋች በኩል ለቆመ ወኪል ያስቀመጠው ልክ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነበር። ሠላሳ ከየት መጣ?

ሁለት ነገሮች አሉ በቃል እንጂ በጽሑፍ የማይነግሯችሁ። አንደኛው ዕድሜ መቀነስ ነው። «የልደት ሰርተፍኬቱን እናስተካክላለን» ይላሉ፤ የ17 ዓመቱን ልጅ 14 ሊያደርጉት። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. የታዳጊዎች ዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እያስነሳ ዕድሜን ይመረምራል። የትምህርት ቤት ካርዱ አንድ፣ ሰርተፍኬቱ ሌላ፣ ፋይዳው ሌላ ከሆነ ደላላው ሲጠፋ ተጠያቂው ልጁ ነው። ሁለተኛው «ለአገር ውስጥ ክለብ እንዳይፈርም፣ ቴሴራ (የክለብ ተጫዋችነት መታወቂያ) ካወጣ ይታሰራል» የሚለው ምክር ነው። ይህ የተገለበጠ ነው። አንድ ተጫዋች ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የተመዘገበባቸው ክለቦች ዝርዝር አብሮት ይሄዳል፤ ወደ ውጭ ክለብ በባለሙያነት ሲዛወር ያሳደጉት ክለቦች በዚያ መሠረት የማሰልጠኛ ካሳ ይጠይቃሉ፤ ሲሸጥም ከዝውውር ዋጋው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ገንዘቡ ለቤተሰብ የሚመጣ አይደለም፤ ግን አቅጣጫውን ተመልከቱ። በእውነተኛው እግር ኳስ ልጁን የፈለገ ክለብ ይከፍላል። ልጅዎን ስለፈለግነው ይክፈሉን የሚል ሰው የመጣው ከሌላ ገበያ ነው።

«እዚህማ ምን አለና» የሚለውን አውቃለሁ። ሜዳው ጠባብ ነው፣ ጫማ ውድ ነው፣ የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት በጀት የለኝም ማለት ይወዳል። ቢሆንም ከእነ ጉድለቱ መንገድ አለ። በየወረዳው የታዳጊዎች ፕሮጀክቶች አሉ፤ ደሴና ኮምቦልቻ የከተማ ክለቦች አሏቸው፤ ወልዲያ በፕሪሚየር ሊግ ተጫውታለች፣ ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየምም አላት። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ስፖርት አካዳሚ የመንግሥት ተቋም ነው፤ ምልመላ ሲኖረው በክልል ስፖርት መሥሪያ ቤቶች በኩል ጠይቁ። ወደ ውጭ ወጥተው ስም ያተረፉትንም እዩ፤ ሳላዲን ሰዒድ ወደ ግብፅና ቤልጂየም፣ ጌታነህ ከበደ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ሽመልስ በቀለ ወደ ግብፅ የሄዱት በአገራቸው ሊግ ከታዩ በኋላ፣ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው ነው።

ፈርማችሁ ከከፈላችሁ አትፈሩ፣ አትደብቁ። ቀጣዩን ዙር ክፍያ አቁሙ። የባንክ ደረሰኞችንና የስልክ መልእክቶችን ሳትሰርዙ አስቀምጡ። የልጁን ፓስፖርትና ዋና ሰነዶች ዛሬውኑ ጠይቁ፤ «ለኤምባሲ ልከነዋል» ካሉ በምን ቀን፣ በምን ቁጥር ቀጠሮ እንደተያዘ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ከዚያ የፈረማችሁ ወላጆች ተሰባስባችሁ አብራችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። አንድ እናት ብቻዋን ስትሄድ «የንግድ ክርክር ነው፣ ፍርድ ቤት ሂጂ» ተብላ ተመልሳለች፤ ብዙ ሰው ተመሳሳይ ውል ይዞ ሲቀርብ ግን አቤቱታውን ተቀብለዋል።

ደሴ የነበረው ቢሯቸው ተዘግቷል፤ ማስታወቂያው ቆቦና ወልዲያ እንደታየ ሰምቻለሁ። ከተማችሁ ከደረሱ የወኪሉን ሙሉ ስም ጠይቁና ፊፋ በድረ ገጹ ባወጣው የወኪሎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። ስልክ ያለው ማንም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይህን ያደርግላችኋል፤ ክፍያ የለውም። ስሙ ከሌለ 500 ብሩንም አትስጡ።