የሚባክን ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ፦ የውሃ እንፋሎት ወይስ ኦርጋኒክ ራንኪን?

ከሲሚንቶ ፋብሪካ የክሊንከር (ከእቶን በትኩሱ ወጥቶ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር) ማቀዝቀዣ ወይም ከትልቅ የናፍጣ ጄኔሬተር ጭስ ማውጫ በከንቱ የሚወጣውን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ ላሰበ ድርጅት በዋናነት ሁለት ዓይነት መሣሪያ ይቀርብለታል። አንዱ ውሃ አፍልቶ በእንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ሌላው በውሃ ፈንታ በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላ ኦርጋኒክ ፈሳሽ የሚጠቀመው ኦርጋኒክ ራንኪን ሳይክል (በምሕፃረ ቃል ኦአርሲ) ነው።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከፈሳሹ ጠባይ ነው። ከኦርጋኒክ ፈሳሾቹ አንዱ የሆነው ፔንቴን በ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። የውሃ እንፋሎት በተርባይኑ ውስጥ ግፊቱ ሲቀንስ ጠብታ ስለሚያበጅና ጠብታውም ክንፎቹን ስለሚበላ፣ አስቀድሞ ከመፍያው በላይ በሚገባ መጋል አለበት፤ የፔንቴን ተን ግን በዚያው ጉዞ አይረጥብም። ስለዚህ ምንጩ ከ350 ዲግሪ በላይ፣ የሚጠበቀውም ኃይል በርካታ ሜጋዋት ከሆነ፣ የውሃ ማጣሪያና የሰለጠነ የቦይለር ሠራተኛ በየፈረቃው ማቆም ለሚችል ፋብሪካ እኔም የምመርጠው የእንፋሎት ተርባይንን ነው። ከ300 ዲግሪ በታች ግን ሚዛኑ ወደ ኦአርሲ ያዘነብላል። በጀርመን የሌንግፉርት ሲሚንቶ ፋብሪካ ከክሊንከር ማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ ለማመንጨት በ1999 እ.ኤ.አ. የተከለው ኦአርሲን ነው። በሀገራችን ደግሞ የአሉቶ ላንጋኖ የከርሰ ምድር እንፋሎት ጣቢያ ሁለቱን አጣምሮ በ1998 እ.ኤ.አ. ተገንብቷል።

ገዢ በብዛት የሚሳሳተው ከተርባይኑ የወጣውን ተን መልሶ ፈሳሽ በሚያደርገው ማቀዝቀዣ በኩል ነው። ሻጮች በአላስካ የሚገኘውን የቼና ፍል ውሃ ጣቢያ መጥቀስ ይወዳሉ፤ እውነትም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ74 ዲግሪ ውሃ ብቻ፣ 8 በመቶ በሚሆን ብቃት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ነገር ግን ማቀዝቀዣ ውሃው 4 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ልዩነት የፊዚክስ ሕግ የሚፈቅደው የብቃት ጣሪያ 20 በመቶ ሲሆን፣ ያው ማሽን በድሬዳዋ ሙቀት በ35 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ጣሪያው ራሱ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። በአየር የሚቀዘቅዝ መሣሪያ ውሃ አይፈጅም፤ ሆኖም በቀትር፣ ኃይሉ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ይደክማል። የማቀዝቀዣ ማማ ይህን ያቃልላል፤ ውሃ ግን በትነት ይወስዳል። ብሮሹር ላይ የተጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላው ኃይል ነው፦ ለምሳሌ 500 ኪሎዋት ተብሎ የተሸጠ መሣሪያ ለፓምፑ 35፣ ለማራገቢያዎቹ 45 ቢፈጅ፣ ለፋብሪካው የሚተርፈው 420 ነው። በውሉ ላይ መስፈር ያለበት ይህ የተጣራው መጠን፣ ያውም በሞቃቱ ወር የአየር ሙቀት የተለካው ነው።

ስለ ፈሳሹ ምርጫ፣ ፔንቴን ርካሽ ቢሆንም ተቀጣጣይ በመሆኑ የጋዝ ጠቋሚና ፍንዳታ የማያስነሣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይፈልጋል። ሌላው የኦአርሲ ፈሳሽ፣ አር-245ኤፍኤ፣ አይቀጣጠልም፤ ከባቢ አየርን የማሞቅ አቅሙ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ800 እጥፍ በላይ ስለሆነ የ2016ቱ የኪጋሊ ማሻሻያ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አጠቃቀማቸው ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ከወሰነባቸው ጋዞች ቤተሰብ ነው። ከዓመታት በኋላ መሙያ እንዳይቸግር አር-1233ዚዲ የተባለው ፈሳሽ የተሻለ ነው። ተኑ ለሚያሽከረክረው ክፍል ደግሞ፣ ለጥቂት መቶ ኪሎዋት ስክሩ (ጠመዝማዛ ዘንጎች ያሉት) ማሽን፣ ከዚያ በላይ ተርባይን ይስማማል።

ፋብሪካው ራሱ ሙቅ ውሃ የሚፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጨርቅ ማቅለሚያ ካለው፣ ከሁለቱም በፊት ተራ የሙቀት ማስተላለፊያ ዋጋ ይጠይቅ፤ የ90 ዲግሪ ሙቀት በኦአርሲ ቢያልፍ ከአሥር አንዱም ኤሌክትሪክ አይሆንም።